ላብ የሚያልበው ጣራ

አምስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ያለው ሀይረዲን አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ቀናው ያልጠበቀው ይሄንን ነበር።

ሀይረዲን ቃሊቲ ላይ ትልቅ የካርቶን መጋዘን እያሠራ ነው። ግድግዳው አልቋል፤ የቀረው በረጃጅም ኤጋ ቆርቆሮ የሚከደነው አርባ ሜትር ጣራ ብቻ ነው። ጣራ ሠሪው ቀናው ይሄን ሥራ ለማግኘት ሁለት ወር ሙሉ ደጅ ጠንቷል። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የከደነው የሰው ማድ ቤትና ሱቅ ብቻ ስለሆነ፣ ይሄኛው ከተሳካለት ስሙ ከባለሙያዎች ጋር ይጠራል። ሀይረዲን ደግሞ ሥራ ከመስጠቱ በፊት ያሠራውን ሰው ሄዶ የሚጠይቅ ነጋዴ ነው። "እስካሁን ትልቁ ሥራህ የቱ ነው?" ቢለው፣ ቀናው ሳያስብ "አቃቂ በሰቃ፣ የእትዬ የሺሐረግ ወፍጮ ቤት" አለ። እትዬ የሺሐረግ የሚስቱ እናት መሆናቸውን ዋጥ አደረገው። ጣራው እንደሚያፈስማ ጭራሽ አላነሳውም።

እና ዛሬ ጠዋት፣ እንግዳው ሳይመጣ የጣራውን መጋጠሚያዎች ልድፈን ብሎ በወፍጮ ቤቱ የጓሮ በር ገባ። የእህል ማስቀመጫውን ከወፍጮው በሚለየው የቺፑድ ግድግዳ ጀርባ፣ የሲሊኮን ቱቦውን ይዞ መሰላል ላይ እንደወጣ የሀይረዲንን ሰላምታ ሰማ። መሰላሉ አሮጌ ነው፤ ሲነኩት ይጮሃል። ባለበት ደርቆ ቀረ። እትዬ የሺሐረግ እንግዳውን እንደ ድሮ ትውውቅ ተቀበሉት።

"ኧረ ሀይረዲን! ግባ፣ ግባ ልጄ። ምነው ጠፋህ? ባለቤትህ ዙለይኻ ደህና ናት? ልጆቹስ? አደጉ አይደል… የሰው ልጅ ቶሎ ያድጋል። መንገዱስ እንዴት ነበር? ያ የቃሊቲ የከባድ መኪና ሰልፍ ዛሬም አለ? ይኸው እኛ ደግሞ መብራት የለም፣ ወፍጮው ቆሟል፤ ለጨዋታ ተመቸን። በል ተቀመጥ። ሶሊያና፣ ወንበር አምጪለት!… እዚያ ጋ አይደለም። ትንሽ ወደ ግራ። እእ… እዚያም አይሆንም። እስቲ ወደ ሚዛኑ ጠጋ አድርጊው። አዎ፣ እዚህ ጥሩ ነው። እዚህ እስካሁን ምንም አልወረደም።"

ቀናው የወንበሩ እግር ሲጎተት በመስማት ብቻ የትኛው መጋጠሚያ ሥር እንደደረሰ አወቀ። ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ። ሚስቱ ሶሊያና ሳቋን ስትውጥም ይሰማዋል።

"ስለ ጣራው ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው? ውይ፣ እኛስ ከጣራችን ሌላ ምን ወሬ አለን! የሠሩት ሰውዬ… ስማቸው አፌ ላይ ነበር፣ ጠፋኝ። እርጅና ነው። ብቻ ባለሙያ ናቸው። ባለሙያ ስልህ፣ ሥራቸውን በስልክ የሚያሳዩ! የቴሌግራም ቻናል አላቸው አሉ። ይሄ ጣራችን እዚያ ላይ ወጥቶ ስንቱ ወዶታል መሰለህ? እኔም አይቼዋለሁ። በፎቶው ላይ አንድ ጠብታ አይገባበትም።"

ቀናው ፈገግታም እፍረትም መጣበት። እትዬ የሺሐረግ ስሙን የረሱ መስለው "እሳቸው" እያሉ ሲያነሱት፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። አማት አማቿን ፊት ለፊት መቆጣት በእነሱ ቤት ነውር ነው። ለዚህ ነው ለሰው እየተናገሩ ለእሱ የሚያሰሙት። እሱም ቢሆን አፉን መክፈት አይችልም። እናቱ ከልጅነቱ ጀምሮ "ለአሽሙር መልስ የሰጠ ሰው ነው ባለቤቱ" እያለች አሳድጋዋለች።

"ሥርዓታቸውን ብታይ ደግሞ! ገና እንደመጡ ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ ጣሉ። 'ከመንገድ በኩል ነው የምጀምረው፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው' አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? የወፍጮ ሴት ነኝ። ሟቹ ባለቤቴ፣ ጋሽ በቀለ፣ የባቡሩን መጋዘኖች ሲከድኑ ዘመናቸውን ጨረሱ፤ አንድም ቀን ከአስፋልቱ በኩል አይጀምሩም። 'የአቃቂ ዝናብ ከአስፋልቱ በኩል ገፍቶ ነው የሚመጣው፤ ከወንዙ በኩል ጀምረህ እየደረብክ ከመጣህ የቆርቆሮው አፍ ወደ ወንዙ ይዞራል፣ ዝናቡ በጀርባው ላይ ያልፋል' ይሉ ነበር። የድሮ ሰው! ለመጣ እንግዳ ጀርባ መስጠት ነውር መሆኑን የት ያውቁታል? የእኛ ባለሙያ ግን ጨዋ ናቸው… የሁሉንም ቆርቆሮ አፍ ወደ ዝናቡ አዙረው እንግዳ ተቀባይ አደረጉልን። ይኸው ሰኔ ከገባ ዝናቡ መጥቶ ደጅ ቆሞ አያውቅም።"

እውነት ነው። ያን ቀን ቀናው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቆርቆሮዎች አሰልፎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፎቶ ላንሳ ብሎ ነበር የተጣደፈው። ዝናቡ በየት በኩል እንደሚመጣ አልጠየቀም። እዚህ ሰፈር አርባ ዓመት የኖሩ ሴት ከሥሩ ቆመው ወደ ወንዙ ሲያመለክቱት ግን ትዝ ይለዋል። "እሺ እማማ፣ እናየዋለን" ነበር ያላቸው።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ቆርቆሮም ቢያብር ዝናብ ያስር ነበር። ምን ያድርጉ፣ ሩኅሩኅ ሆኑ። አንዱን በሌላው ላይ ብዙ መጫን ግፍ መሰላቸው፤ ጫፍ ለጫፍ አስነክተው አለፉ። ሰላም እንደሚባባሉ ሰዎች። ምስማሩን ደግሞ ጉብታው ላይ እንደሚመታው ሰው ሁሉ አልመቱም። ውሃው የሚሄድበት ጎድጓዳው ላይ መቱት። ውሃስ ቢሆን መግቢያ ፍለጋ ለምን ይንከራተት?

"ታዲያ ያፈሳል እንዳትል! እኔም ተሳስቼ ያፈሳል ብዬ ነበር። በልጄ በኩል አስነገርኩ፤ ትልቅ ሰው በቀጥታ አይነገርማ። ምን ብለው መለሱ መሰለህ? 'አያፈስም። ቆርቆሮ ሲሞቅና ሲበርድ ላብ ያልበዋል።' ላብ!… እኔ ከንቱ፣ ይሄን ያህል ታታሪ ጣራ እንዳለኝ መች አውቄ? እኛ ቁጭ ብለን እሱ ያልበዋል። ከሠሩትም ሰውዬ በላይ አላበው። ነጋ ጠባ ባልዲ እያቀረብን ላቡን እንጠርግለታለን።"

ሀይረዲን ሳል ያዘው፤ ሳልም አይመስልም። ቀናው ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። አሁን በእርግጥ ያላበው እሱ ነበር።

"ለደንበኞቼማ ምቾት ሆነላቸው። ባለፈው ዓሊያ ጤፏን አስፈጭታ፣ ከረጢቱን እዚያ ጥግ አስቀምጣ ሱቅ ደርሳ መጣች። ቤቷ ገብታ ብትፈታው… ተቦክቷል! ድሮ ከእኔ ዘንድ ዱቄት ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ ዘንድሮ ሊጥ ይዘው ይሄዳሉ። የቀረን እርሾ መጨመር ብቻ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ፈጨነው። ታዲያ ምቾቱ በዛባቸው መሰለኝ፣ አሁን አሁን ድልድዩ ጋ ወዳለው ወፍጮ ነው የሚሄዱት። ዓሊያም ሄደች። ሰው ምስጋና አያውቅም።"

ይሄን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። ቀናው የዓሊያን ነገር አልሰማም ነበር። ሶሊያናም አልነገረችውም። ይህች ወፍጮ ለእትዬ የሺሐረግ ከባላቸው የቀረች ብቸኛ መተዳደሪያ እንደሆነች ያውቃል፤ ሶሊያናንም ያስተማሩት በእሷ ነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? የእኛም ጠብታ በእግሯ መሄድ ጀምራልሃለች። ከመጋጠሚያው ትነሳና ብረቱን ይዛ፣ ሽቦውን ይዛ፣ ቀስ እያለች… ትናንት ሞተሩ ላይ ደረሰች። ጭስ ብጤ አሸተተኝና ቆጣሪውን አጠፋሁት። መብራቱ የጠፋው ለሰፈሩ ሁሉ ይሁን ለእኛ ብቻ፣ እንጃ… አልጠየቅኩም።"

ቀናው ከግድግዳውና ከጣራው መሃል ባለችው ክፍተት ወደ መንገዱ አሾለቀ። ፊት ለፊት ያለው የቤኪ ፀጉር ቤት ባለቀለም መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የመላጫው ድምፅም ይሰማል። መብራት አልጠፋም። ወፍጮው የቆመው በእሱ ጣራ ምክንያት ነው። እስካሁን ነገሩ ስለ ሀይረዲን መጋዘን መስሎት ነበር የተጨነቀው፤ አሁን ግን መጋዘኑ ከነአርባ ሜትሩ ከልቡ ወጣ።

"የሚያስብልን ሰው ግን አልጠፋም፤ እንዳታዝንልን። አንዳንዱ ሲሊኮን ይዞ ከች ይላል። ከውስጥ በኩል ነው የሚቀባው። ዝናቡ እኮ የሚመጣው ከውጭ ነው ልል እልና… በባለሙያ ሥራ ምን አገባኝ? ዝም እላለሁ። እኔ መቼም ዝምተኛ ነኝ፤ ታውቀኛለህ።"

ቀናው እጁ ላይ ያለውን ቱቦ አየው። ከቱቦው ጫፍ ነጩ ሲሊኮን ቀስ ብሎ ወጥቶ ጫማው ላይ ተንጠባጠበ።

"ጋሽ በቀለ ተሳስተው አያውቁም እንዳትለኝ። ተሳስተዋል። ገና ጎረምሳ ሳሉ አንድ የእህል መጋዘን ልክ እንደዚህ ከአስፋልቱ በኩል ጀምረው ከደኑት። ማንም ምንም አላላቸውም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ራሳቸው ሄደው፣ ወለሉ ላይ ዱቄት ነስንሰው፣ ጠብታው የወደቀበትን አንድ በአንድ አዩ። በማግስቱ መሰላላቸውን ተሸክመው ሄዱና ጣራውን ሙሉውን አወረዱት። ቅባት አልቀቡም። ላብ ነውም አላሉ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ እንደ አዲስ ከወንዙ በኩል ጀመሩት፣ በደንብ ደረቡት፣ ምስማሩን ከነጎማው ጉብታው ላይ መቱት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጣራ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የደህና ጣራ ምስጋናው ይኸው ነው ልጄ… ሰው ይረሳዋል። የእኛውን ግን ተመልከት! ከገባህ ጀምሮ ስሙ ከአፋችን አልጠፋም።"

ቀናው የቱቦውን ክዳን ገጠመ። ሴትየዋ ያን ታሪክ ለሀይረዲን ብለው እንዳላወሩት አሳምሮ ያውቃል። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ በቁጣ ላይ መቆጣት ይቻላል። ይሄ ግን ፍቅር ያለበት ነገር ስለሆነ መድረሻ አሳጣው።

"ነገ ሐሙስ ፀሐይ ነው አለ ሬዲዮው። ዓርብም እንደዚሁ። መሰላል እንደሆነ እኛ ዘንድ አይጠፋም፣ ከጓሮ በኩል ነበረ… ዛሬ ጠዋት ማን እንዳነሳው እንጃ እንጂ። ዘንድሮ አይጦቹም መሰላል ይወጣሉ መሰለኝ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።

"በል ሀይረዲን፣ ሥራ አላስፈታህ። ደግሞ ስለ ሰው ክፉ አወራች ብለህ ለዙለይኻ እንዳትነግርብኝ። ክፉ ወጣኝ? አልወጣኝም። እንዲያውም ልመርቃቸው ነው። ሶሊያና፣ ነይ ተነሺ! ምርቃት ያለ አሜን አይይዝም።"

እትዬ የሺሐረግ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዱቄት የለበሱ መዳፎቻቸውን ወደ ጣራው ዘረጉ። ሀይረዲንም በደንቡ መሠረት ሁለት እጁን ዘረጋ። ከግድግዳው ጀርባ ቀናው፣ ማንም ሳያየው፣ ከልማዱ የተነሳ ራሱን ዝቅ አደረገ። እቤታቸው ትልቅ ሰው ሲመርቅ አሜን ሳይሉ ማለፍ አላደገበትም።

"ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው!"

ሶሊያናና ሀይረዲን አሜን አሉ። ቀናው በከንፈሩ ብቻ አለ።

"ሥራቸውን ያስፋላቸው! ዓይነ ጥላውን ይግፈፍላቸው!"

አሜን አሉ። ቀናውም ትንፋሽ አከለበት።

"ከኪራይ ቤት አውጥቶ የራሳቸውን ቤት ይስጣቸው! የዚያንም ቤት ጣራ ማንም ሳይነካባቸው፣ ልክ የእኔን እንደሠሩልኝ አድርገው፣ በገዛ እጃቸው ከድነው… ከነሚስታቸው፣ ከነልጆቻቸው፣ ከነአማታቸው፣ ክረምት ከበጋ ከሥሩ ያኑራቸው!"

"አሜን!" አለ ቀናው፣ ጮክ ብሎ፣ ከመሰላሉ አናት ላይ።