በእጅ የተዘጉ አርባ አንድ በሮች

በዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች በመጨረሻው ላይ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አንድ ሰው ተቀምጠው ነበር። እኚህ ሰው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰርቨር አስተዳዳሪ ሆነው ሠርተዋል፤ የሕሙማን ካርድ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የራጅ ምስል የሚቀመጥባቸውን ኮምፒውተሮች የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ከሆስፒታሉ አርባ አንድ ሰርቨሮች ወደ አንዱ ከሩቅ ሆኖ መግባት የፈለገ ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። ስለዚህም ባልደረቦቻቸው «ቁልፍ ያዡ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ይወዱታል።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ሐኪሙ የሁለቱም ዓይናቸው ነርቭ እየሞተ መሆኑን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቢበዛ ዓመት ከመንፈቅ እንደሚቆይ ነግሯቸዋል። የታዘዘላቸውን ጠብታ እስኪያመጡላቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ፊቷን አልለዩትም፤ ድምፅዋን ግን አወቁት። የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ናት። ስትማር ያውቋታል፤ ኢንጂነር ሆና በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ልክ እንደሳቸው ሰርቨር እንደምታስተዳድርም ሰምተዋል።

«የኔ ልጅ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«እናቴ የዓይን ሞራ ሊገፈፍላት ገብታ ነው። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ» አሉ፤ ወዲያው ግን ለመዋሸት እንኳ ጉልበት እንዳጡ ተሰማቸው። «ደህና አይደለሁም። እየታወርኩ ነው።»

ኢንጂነሯ አጠገባቸው ተቀመጠች። የማጽናኛ ቃል ፈልጋ ስታጣ፣ ወሬ ለመቀየር ብላ ጭራሽ ቁስላቸውን ነካችው።

«ላቦራቶሪያችሁ ላይ የደረሰውን ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ሰዎቹ እንዴት እንደገቡ ታወቀ?»

ነገሩ የሆነው ከሦስት ወር በፊት ነበር። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ከሩቅ ሆነው በላቦራቶሪው ሰርቨር ገቡና የአሥራ አንድ ቀን ውጤት ደመሰሱ። መጠባበቂያ ቅጂውም ከዚያው ሰርቨር ይደረስበት ስለነበር አብሮ ጠፋ። የአጣሪው ኮሚቴ ሪፖርት «ያልታወቁ አጥቂዎች በረቀቀ ዘዴ» ይላል። ቁልፍ ያዡ ያንን ሪፖርት የፈረሙት ዘዴው ምንም የረቀቀ እንዳልነበረ እያወቁ ነው።

«የገቡት እኔ ከፍቼላቸው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰርቨሩን እንደ አዲስ ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። በይለፍ ቃል መግባትን የሚከለክለውን መስመር ጻፍኩ። ከመስመሩ ፊት ያቺ ሁለት ጋድም ሁለት ቁም ጭረት ያላት ምልክት ነበረች፤ ታውቂያታለሽ።»

«መስመሩን ከሥራ ውጪ የምታደርገው።»

«እሷን አላየኋትም። መስመሩ ተጽፏል፤ ግን ሙት ነው። በሩ ክፍት ነበር። የቀረው የአንድ ሠራተኛን ቀሽም የይለፍ ቃል መገመት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚሞክር ማሽን አላቸው።» ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ‹ዘግቼዋለሁ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው› ብዬ ማልኩ። ይኸው፣ እያደረገው ነው።»

ሊስቁ ፈልገው ነበር። አልሆነላቸውም።

«ከጠፉት ውጤቶች አንዱ የአንዲት የሦስት ልጆች እናት ውጤት ነበር። ከጡቷ የተወሰደ ናሙና። እንደገና ተጠርታ፣ እንደገና ተወስዶ፣ ውጤቱ እስኪደርስ ሰባት ሳምንት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ቀበሯት። ሐኪሞቹ ቀድሞ ቢታወቅም ላትተርፍ ትችል ነበር ይላሉ። እኔን የገደለኝ ያ ‹ትችል ነበር› የሚሉት ነገር ነው።»

«ጋሼ፣ ቢቆጡኝም ልናገር» አለች ኢንጂነሯ። «ጥፋቱ የዓይንዎ ብቻ አይደለም። አርባ አንድ ሰርቨር አንድ በአንድ፣ መስመር በመስመር፣ በእጅ የሚዋቀር ከሆነ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰውም አንድ ቀን ይስታል። በሌላ መንገድ መሥራት ይቻል ነበር።»

ቁልፍ ያዡ የምትለውን አወቁት። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የክፍላቸው ሠራተኛ ይህንኑ ሐሳብ በሦስት ገጽ ጽፎ አምጥቶላቸው፣ «ሥራዬን ለማሽን አላስረክብም» ብለው መልሰውለታል። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። ዛሬም ያው ኩራት ተነሣባቸው።

«ሃያ ስድስት ዓመት በእጄ ሠርቻለሁ። እጄ ያውቀዋል።»

«እጅዎ ያውቀዋል። ሌላስ ማን ያውቀዋል?»

ብዙ ባለሙያ እንዲህ ነው፤ የሚያውቀውን በሆዱ ይዞ መኖር ክብር ይመስለዋል፤ ያወቀው ነገር ከእሱ ጋር እንደሚያልፍ የሚገባው አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ሰርቨሩ እንዴት መሆን እንዳለበት አንድ ጊዜ በፋይል ይጻፋል። በይለፍ ቃል መግባት ዝግ ነው፤ መግቢያው የተመዘገበ ዲጂታል ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሁሉን በሚያዝዘው የዋና አስተዳዳሪ ስም በቀጥታ መግባት አይቻልም፤ የሚገቡት እነ እገሌ ብቻ ናቸው ተብሎ። ከዚያ ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም፣ መሣሪያ የምንለው፣ ያንን ፋይል ይዞ አርባ አንዱንም ይዞራል። እንደተጻፈው ሆኖ ያገኘውን አይነካም፤ የተዛባውን ያስተካክላል። ነገም ቢደግመው ያው ነው፤ ሺህ ጊዜም ቢደግመው ያው ነው።»

«አማረልሽ። እስቲ ይህንን መልሺልኝ፤ እኔ ስሳሳት አንድ ሰርቨር ይበላሻል። ያ ፋይል ሲሳሳት አርባ አንዱም ባንድ ጊዜ ይበላሻሉ። ሁላችንንም ውጪ ቢዘጋብንስ?»

«ይኼ ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ የደረሰባቸው ሰዎችም አሉ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ባዶ ሰርቨር ላይ የሚሞከረው። መሣሪያው መግቢያውን በአዲሱ ደንብ እንደገና ከማስነሣቱ በፊት የተጻፈው ስህተት እንደሌለበት እንዲፈትሽ ይደረጋል። እኛም በኮምፒውተራችን ላይ አስቀድመን የገባንበትን መስኮት ሳንዘጋ፣ በሌላ መስኮት መግባት መቻላችንን እናያለን። ከዚያ ሦስት ሰርቨር፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ የቀረው። እያንዳንዱን ለውጥ ደግሞ ሳይላክ በፊት ሁለተኛ ሰው ያነበዋል። ስህተት አይኖርም አልልዎትም። ግን የተጻፈ ስህተት ሌላ ሰው ያየዋል። የእርስዎን ማን ሊያየው ይችል ነበር?»

«ሰርቨሮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም እኮ» አሉ፤ አሁን ግን ድምፃቸው የሚከራከር ሳይሆን የሚለምን ይመስል ነበር። «የራጁ አርጅቷል፤ አዲሱን የቁልፍ ዓይነት አይቀበልም። የመድኃኒት ቤቱን ደግሞ አቅራቢው ድርጅት በሳምንት አንዴ ከውጪ ገብቶ ያየዋል።»

«ይህንን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«ልዩነቱም ይጻፋላ! ለምን እንደተለየም አጠገቡ ይጻፋል።»

ቁልፍ ያዡ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ በክርክር ሸፍነው የያዙት ጥያቄ አመለጣቸው።

«ሁሉንም ከጻፍኩት በኋላ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያባብላቸው ነበር። እሷ ግን ለሰው አክብሮት ማለት እውነቱን መንገር ነው ብላ የምታምን ነበረች።

«ላይፈለጉ ይችላሉ፣ ጋሼ። ልዋሽዎት አልችልም። ግን ዓይንዎ ሲሄድ ያ ሁሉ አብሮ ይጨልማል። የሚተካዎት ሰው አርባ አንድ በር እየዳበሰ ነው የሚጀምረው። እሱ ሲስት የሚጎዳው ደግሞ እርስዎም እሱም የማታውቁት በሽተኛ ነው።»

በዚህ መሀል ነርሷ የልጅቱን እናት በአንድ ዓይናቸው ላይ ፋሻ እንዳለ ደግፋ አመጣቻቸው። ኢንጂነሯ ብድግ አለች። ቁልፍ ያዡ እጇን ያዙ።

«መጥተሽ ታግዢኛለሽ?»

«ቅዳሜና እሁድ እመጣለሁ። ከሥራም ፈቃድ እጠይቃለሁ። እርስዎ ግን አስቀድመው የሆስፒታሉን ዳይሬክተር ያነጋግሩ። እውነቱ ሳይነገር የምንጀምረው ሥራ ጥሩ አይሆንም።»

በማግሥቱ ሄደው ሁሉንም ተናገሩ። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ሳታቋርጥ ሰማቻቸው። አልጮኸችባቸውም፤ ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ጉዳዩ ለቦርዱ እንደሚቀርብ፣ ለሟቿ ቤተሰብ እውነቱ እንደሚነገር፣ እሳቸውም ሥራቸውን አስረክበው ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ እንደሚወጡ ነገረቻቸው። ሊወጡ ሲሉ፣ «ለምን ያኔ አልነገሩኝም?» አለቻቸው። በበሩ እጀታ ላይ እጃቸውን እንዳሳረፉ፣ «አፈርኩ» ብቻ አሉ።

ሥራው የተጀመረው በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የማቀዝቀዣው ጩኸት በማይቋረጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፤ ኢንጂነሯ ትጽፋለች። ጽፋ ስትጨርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸውም «እሱን አስተካክዪ፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቁልፍ የተሰጠው ለሁለት ሰው ነው» እያሉ ያርማሉ። የሞከሩበት ባዶ ሰርቨር ሁለት ጊዜ ውጪ ዘጋባቸው፤ ሁለት ጊዜም ምክንያቱን አግኝተው ፋይሉን አረሙ።

በዘጠነኛው ቀን፣ መሣሪያው ምንም ሳይለውጥ ሁሉንም ሰርቨሮች ዞሮ የተዛባውን ብቻ እንዲነግራቸው አደረጉት። ውጤቱ በማያ ገጹ ላይ ሲወርድ ኢንጂነሯ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«አንብቢልኝ እንጂ።»

«ሰባት ናቸው፣ ጋሼ።»

«ምኑ ነው ሰባት?»

«ሌሎች ሰባት ሰርቨሮችም በይለፍ ቃል ያስገባሉ። አንደኛው የሕፃናት ክፍል ነው። በሁለቱ ላይ ደግሞ ከሥራ የለቀቁ ሰዎች ቁልፍ አሁንም ይሠራል።»

ቁልፍ ያዡ ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ የሳቱ፣ አንድ መጥፎ ቀን የገጠማቸው ሰው ነኝ ብለው ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። ለካ ሌሎቹ ያልተነኩት እሳቸው ስለጠበቋቸው አይደለም፤ የመጣባቸው ስላልነበረ ነው። ያንን ቀን እህል አልቀመሱም። ማታም ሚስታቸው ምን እንደሆኑ ብትጠይቃቸው፣ «ስጠብቅ የኖርኩ መስሎኝ ነበር» አሏት።

ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ቀን ተመልሰው መጡ። ሰባቱም ተዘጉ፤ የለቀቁት ሰዎች ቁልፍም ተሰረዘ። መሣሪያው በየጠዋቱ እንዲዞር ተደረገ፤ አንድ ሰው በስህተትም ሆነ በተንኮል መስመር ቢቀይር በዚያው ቀን ይታወቃል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረ ከፋይሉ ታሪክ ይነበባል። ሰርቨር ቢቃጠል፣ ተተኪው እንደ ቀድሞው ሆኖ ይነሣል። ሠራተኛ ሲመጣ ስሙ አንድ ቦታ ይገባል፤ ሲሄድ ከአንድ ቦታ ይወጣል። የአንድ ሰው ዓይን፣ የአንድ ሰው ድካም፣ የአንድ ሰው ኩራት ከእንግዲህ የሕሙማን ዕጣ አይሆንም። አንባቢም በሥራ ቦታው «እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው» የሚለው ነገር ካለው፣ ዛሬውኑ ቢጽፈው ይሻለዋል።

ከስምንት ወር በኋላ ኢንጂነሯ ልትጠይቃቸው ቤታቸው ሄደች። ቁልፍ ያዡ የሚያዩት በቀጭን ቱቦ አሾልከው እንደሚያዩት ያህል ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ አርባ ሁለተኛ ሰርቨር እንደገዛ፣ የተካቻቸው ባለሙያም የሰርቨሩን ስም ፋይሉ ውስጥ አስገብታ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ለሥራ እንዳዘጋጀችው አጫወተቻቸው።

«ምንም አላስቸገራት? የጠየቀችውስ ነገር የለም?»

«ምንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስታቸው ከኩሽና የምታጥበው ዕቃ ድምፅ ይሰማል። «ያን ጊዜ ሥራው ስንት ቀን ፈጀብን?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው? አሥራ ዘጠኝ ቀን።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን» አሉ ቁልፍ ያዡ። «በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለዚህ የሚሆን አሥራ ዘጠኝ ቀን አጣሁ።»

ኢንጂነሯ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች።