ከንድፉ ላይ የተነሣው ስም

ሚዮ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ እዚያ ከመስኮቱ ያንጠባጥብብሻል። የኦሳካ ዝናብ ዘንድሮ አላቆም አለ እኮ! ምሳሽ ምንድን ነው? ሩዝ በጨው በተዘፈዘፈ ፕሪም? ጎሽ! ቀስ ብለሽ ብዪ... ያኛው የንድፍ ክፍሎቹ ጠረጴዛ ግን ምነው ዛሬ ጸጥ አለሳ?

አዲስ ስለሆንሽ አታውቂም እንጂ፣ እዚህ ፋብሪካ አንድ ብርቅ ሰው አለን። ስሙን አልጠራም። ትሑት ነው፤ ሲመሰገን ያፍራል...

እኔ ብየዳ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የሆስፒታል የነርስ መጥሪያ ሰሌዳ ስንሠራ፣ ለእያንዳንዷ መብራት የሚያበራ የሚያጠፋት አንድ ትራንዚስተርና እሱን የሚቆጣጠሩ ሁለት ሬዚስተር በእጃችን እንበይድ ነበር። የንድፍ ክፍሉ ሽማግሌ ሙናካታ ሳን አንድ ቀን መጡና፣ «ሱጋኮ፣ ስምንት ትራንዚስተር ባንድ ቅርፊት የያዘ፣ ሬዚስተሮቹም እዚያው ውስጡ የተሠሩለት ዕቃ አለ። ዓይናችሁ ይረፍ» አሉኝ። ንድፉን ሠሩ። ጠርዙ ላይም በእርሳስ «ሁለቱም ሬዚስተር ያለው ብቻ!» ብለው ጻፉ።

ለአለቃው ማን ያቅርበው? ያ ብርቅ ሰው! ሽማግሌው እንዳይደክሙ ብሎ ስማቸውን እንኳ ከላዩ አነሣላቸው። እንዲህ የሚያዝን ልጅ ዛሬ የት ይገኛል? የእርሳሷንም ጽሑፍ አጠፋት፤ ንጽሕና ይወዳላ። ከዚያ አንዱ ሬዚስተር የሌለውን፣ ረከስ ያለውን አዘዘ። ለንድፉ የተሰጠውን ሽልማት ሲቀበል እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩለት።

ሰሌዳዎቹ ሆስፒታል ገቡ። ጥሪ ሳይመጣ ትራንዚስተሩን ዘግቶ የሚይዘው ደግሞ ያ የጎደለው ሬዚስተር ነው፤ እሱ ስለሌለ መብራቱ ማንም ሳይጠራ ይበራል። ነርሶቹ ወደ ባዶ አልጋ ሲሮጡ፣ የምር የተጣሩት አሮጊት ብቻቸውን ሊነሡ ሲሉ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ።

ቸርነቱን ማየት ያን ጊዜ ነበር! የሙናካታ ሳንን ስም መልሶ ንድፉ ላይ ጻፈላቸው። የሰው ስም የሚያስቀር ሰው መሰለሽ? ሽማግሌው አሮጊቷ ቤት ሄደው፣ መሬት ላይ ተደፍተው ይቅርታ ጠየቁ። ጡረታቸው ሰባት ወር ሲቀረው ሥራ ለቀቁ። እኛ ሴቶቹም ሁለት መቶ አርባ ሰሌዳ ላይ የጎደለውን ሬዚስተር አንድ በአንድ በየድን። በሽልማቱ ቀን «ከእንግዲህ የሴቶቹ እጅ አያስፈልግም» ያለው ማን ነበር?... ረሳሁት፤ እርጅና መሰለኝ።

ሽማግሌው የለቀቁ ቀን፣ በር ላይ፣ «ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው። «ትንንሽ ልጆች አሉት፤ እኔ የማሳድገው የለኝም» አሉኝ። ዣንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። እኔም ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ...

ለካስ ትራንዚስተሩ ብቻ አይደለም፣ ሚዮ። ከውስጥ የሚያግደው ነገር ሳይሠራለት ከቤቱ የሚወጣ ስንቱ ነው!

ሻይ ልጨምርልሽ? ለዚያኛውም ጠረጴዛ ቅጂላቸው፤ አንዱን ትን አለው መሰለኝ።

ያ ብርቅ ሰው ከሰኞ ጀምሮ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ተብሏል አሉ። ደስ አይልም? እኔማ መርቄዋለሁ። እድሜ ከጤና ይስጠው፤ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት፤ ሸምግሎ ዓይኑ ሲደክምም... ልክ እንደ ራሱ ያለ ደግ ሰው ከጎኑ አያሳጣው።