ከአውሮፕላን የተረፈ ዳቦ

ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ በእስራኤል፣ በአሽቀሎን ከተማ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አባባ አለነን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎረቤታችን ናቸው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ በአዲስ መጤዎች ጊዜያዊ መጠለያ፣ በካራቫን ሰፈር፣ ካሳለፉ በኋላ በትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ነው በልጆቻቸው ፊት ቀና ብለው መሄድ የጀመሩት። አጠገባቸው አብረዋቸው የሚሠሩት እትዬ አማረች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ።

ሰው በበዛበት መነጋገር አይሆንልኝም፤ እጅ ነሥቼ ላልፍ ስል አባባ ጠሩኝ።

“አንቺ የክንፉ ልጅ! እግዜር ነው ያመጣሽ። ለአለቃችን ለኢላን ስልክ ደውይልኝ። ከነገ ጀምሮ አትምጣ ብሎኛል። የተሳሳተው እሱ መሆኑን በሚገባው ዕብራይስጥ ንገሪልኝ።”

“ምን አጠፉ ብሎ ነው፣ አባባ?”

“ወፍ አበላህ ብሎ! ሰረቅህ ቢለኝ እሟገተው ነበር። ወፍ አበላህ ተብሎ ሰው ከሥራ ሲባረር የት አገር ታይቷል?”

“እዚሁ አገር ነዋ” አሉ እትዬ አማረች። “ደግሞስ ስንት ጊዜ ‘አሱር’ ተባሉ! ክልክል ነው ሲባሉ ራስዎን ይነቀንቃሉ፤ ዞር ሲልልዎት ኪስዎን በዳቦ ይሞላሉ። ከእርስዎ ጋር ስሠራ እኔም ዳቦ ዳቦ ሸተትኩ እኮ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገደኞች ከአውሮፕላን ሲወርዱ ያልተነካ ዳቦና የተረፈ የዶሮ ሥጋ በየወንበሩ ይቀራል። ያ ሁሉ በጥቁር ከረጢት ታስሮ ክዳን ባለው ገንዳ መግባት አለበት። አባባ ግን ሙሉ ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት አልቻሉም። በምሳ ሰዓት እየደበቁ፣ ሥጋውንም ከነላስቲኩ ጨምረው፣ ከማኮብኮቢያው አጥር አጠገብ፣ ሣሩ ላይ ይበትኑታል።

“አባባ፣ አለቃዎ እውነቱን ነው” አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። “ወፍ አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል።”

“ያን ቤት የሚያክል ብረት? ወፍ?” ሳቁብኝ። “ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ ያስተማሩሽ ይህን ነው?”

“በወንጭፍ የተወረወረ ጠጠር ዝንጀሮ አይጥልም?”

“ይጥላል እንጂ። እኔ ራሴ ጥያለሁ።”

“ያንኑ ጠጠር በእጅዎ ቢያስቀምጡበትስ? ምንም አይለውም። የሚጥለው ፍጥነቱ ነው። አውሮፕላኑም እንደዚያ ነው የሚሮጠው።”

ትንሽ አሰቡና አገጫቸውን አነሡ። “እሺ፣ ይሁን። እኔ ግን የማበላው ተራ ወፍ አይደለም፤ ሽመላ ነው። አባትሽ አልነገረሽም? በጎንደር ሰማይ ስታልፍ ‘ከኢየሩሳሌም መጣች’ ብለን ከሥራችን ቆመን እጅ የምንነሣት እሷን አይደለም? ዛሬ እኔ እዚህ ደርሼ፣ እሷ ከደጄ ስትመጣ፣ እጄ ላይ ያለውን ዳቦ ልንፈጋት?”

“ሽመላ ዳቦ ፈልጋ አይደለም የምትመጣው።”

“በዓይኔ ያየሁትን! ዳቦውን ስበትንላት ትመጣለች።”

“ዳቦው አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ሽመላን ይጠራል። ሥጋውን ደግሞ ከነላስቲኩ ትውጠዋለች፤ ላስቲኩ ሆዷ ውስጥ ይቀራል።”

“እንግዲያ አይጥ እያረባሁ ነው የማበላት! ከዳቦም ይበልጣል!”

እትዬ አማረች ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ነገር አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላ ይመዝዛሉ፤ ተናድጄ ዝም እንዳልል ደግሞ የሰውየው እንጀራ አለበት። ባሰብኩት ቁጥር ኢላንም አናደደኝ። ጎንደር አርሶ ለኖረ ሰው “አሱር” ብሎ መጮህ ምን ያስረዳዋል? ለምን እንደተከለከለ ማንም አልነገራቸውም፤ ማስታወቂያውም ቢሆን የተጻፈው እሳቸው በማያነቡት ቋንቋ ነው።

እንደገና ጀመርኩ። “እንግዳ ሲመጣብዎ ገበታ የት ያቀርቡለታል?”

“ከቤቴ፣ ከመደቡ ላይ።”

“ደራሽ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ቢያቀርቡለትስ?”

“ምን ጠላቴ ነውና!”

“ማኮብኮቢያው ለሽመላ ያ ቦይ ነው፣ አባባ። ደግነትዎ መልካም ነው፤ ገበታውን የዘረጉበት ቦታ ነው መጥፎው።”

“እስከ ዛሬ አንዲትም አልተነካች” አሉ በእልህ።

ያን ጊዜ እትዬ አማረች ሳቃቸውን ተዉ።

“ጋሼ፣ ልነግርዎት አልፈለግሁም ነበር። ዛሬ ጧት የተነሣ አውሮፕላን ወዲያው ተመልሶ አረፈ። ወፍ መትቶት ነው። ኢላን ‘ወፍ’ ብሎ ነው የጮኸብዎት፤ እኔ ግን ሲያነሷት አይቻለሁ። ሽመላ ናት። በቆሻሻ ከረጢት ከተቷት፤ ቀይ እግሯ ረዝሞ አልገባ ስላለ ውጭ ተንጠልጥሎ ሄደ።”

አንድ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ሰው አራገፈ።

“ሰዎቹስ?” አሉ አባባ።

“ሰዎቹ ደኅና ናቸው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ እያለቀሰች ስትወርድ አይቻለሁ እንጂ፣ የተጎዳ የለም።”

“እኔም ልጆቼን አቅፌ ነው በዚያው ሰማይ የመጣሁት” አሉ አባባ፤ ፊታቸውንም በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው አሁን የክርክር አልነበረም። “አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። እህል ጠፍቶ የሞቱ ሰዎች ቀብሬአለሁ። ዳቦ ከቆሻሻ ጋር ስጥል እጄ እምቢ ይለኛል። ለከብት እንኳ ቢሰጥ ምን አለበት?”

ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አልፈለግሁም።

“ምግብ መባከኑ ግፍ ነው፤ እሱን አልክድዎትም። ነገር ግን ከየአገሩ የመጣ ምግብ የከብት በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በተዘጋ ገንዳ ተወስዶ፣ አውሬ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበራል።”

“ይቀበራል? ሜዳ ላይ አይጣልም?”

“ይቀበራል።”

“የከብት እልቂት ጊዜ እኛም እንዲሁ አድርገናል። ጅብ አውጥቶ ወደ ሌላ መንደር እንዳያዛምተው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን። ይህንንማ አውቀዋለሁ! ታዲያ ይህ ሰውዬ ለምን እንዲህ ብሎ አልነገረኝም?”

“ጉሮሮው ከጩኸት መች አረፈና!” አሉ እትዬ አማረች።

ወደ ጣቢያው የሕዝብ ስልክ ሄድን። የስልኩን ሳንቲም፣ አሲሞኑን፣ ከትቼ ቁጥሩን አዞርኩና “ምን ልበለው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰዱት።

“ኢላን? አኒ፣ አለነ። ሌኼም…” ዳቦ ማለታቸው ነው። ቀጥሎ ቃል ጠፋባቸውና “ሽመላን በእነሱ ምን ይሏታል?” አሉኝ። “ኻሲዳ” አልኳቸው በሹክሹክታ።

“ኻሲዳ ሜታ” አሉ። ሽመላዋ ሞተች። ከዚያም ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ ሰውየው የሚያያቸው ይመስል፣ “አኒ” አሉ። እኔ ነኝ።

ኢላን አጠገባቸው የሚያንሾካሹክ ሰው መኖሩን ሰምቶ ነበር። “እሷን አቅርብልኝ” አላቸው፤ መነጋገሪያውን ተቀበልኩ። “ጧት እንደ ልማዱ ይምጣ በይው። ሌሎቹም ግን ዳቦ ይበትናሉ፤ እኔ መጮህ ሰለቸኝ” አለኝ።

“ምክንያቱን በአማርኛ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል” አልኩት።

“ማን አለ?”

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሰዎች ይሰሙኛል። “እኔ እመጣለሁ” አልኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ዘንድ ሄድኩም። ያን ቀን ከእኔ ይልቅ የተናገሩት አባባ ናቸው፤ ወንጭፉንም፣ ደራሽ ውሃውንም፣ ቀብሩንም የራሳቸው ነገር አድርገው አስረዱ። አሁን የሚበተን ምግብ የለም፤ የገንዳዎቹ ክዳን ተዘግቶ ይውላል፤ አይጡም ቀንሷል። ላስቲክ በየሣሩ መብረሩ ቀርቷል። ወፍ ማባረሪያ ጥይት የሚተኩሱት ሠራተኞችም እንደ ድሮው አይተኩሱም፤ የሚበላ የሌለበት ቦታ ወፉ ራሱ ይተወዋልና። መንገደኛ በሰላም ይነሣል፤ ሠራተኛ በሥራው ይቆያል። ሽመላዎቹም ራቅ ብሎ ወዳለው ማሳና ረግረግ ሲሄዱ፣ በማረፊያው ላይ ከፍ ብለው፣ ሳይወርዱ ያልፋሉ።