ደጅ የሚጠና ብርሃን

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወርደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ አጠገባቸው ያለውን ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ስለ ያዘው መጽሐፍ ጠየቁት።

«ስለ ብርሃን ነው፣ አባቴ። ብርሃን እንደ ጤፍ ቅንጣት ቅንጣት ነው ይላል።»

«የፀሐይም?»

«የፀሐይም። የቀይ ብርሃን ቅንጣት ግን አቅም የለውም። ብረት ላይ ቀኑን ሙሉ ቢዘንብ፣ ኤሌክትሮን የምትባለዋን ብናኝ ከብረቱ አያስወጣትም።»

«ተባብረውስ ቢገፉ?»

«መተባበር የለም፤ ብረቱ አንድ በአንድ ነው የሚቀበላቸው። የወይን ጠጁ ብርሃን ቅንጣት ግን ብርቱ ነው። አንዱ ብቻውን መጥቶ ያስፈነጥራታል።»

«ይኸንንማ ዛሬ አየሁት።»

«የት አዩት?»

«ከሹሙ ደጅ ነዋ! ድርቅ የመታን ባላገሮች እህል ስጡን ብለን ደጁን ሞልተን ሰነበትን። ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። ዛሬ አንድ ባለመኪና መጥቶ ጡሩምባውን ቢነፋ፣ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ሮጦ ወጣ።»

«ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ሰው ይሰማል።»

«ምን አልሁ? ስለ ብርሃን አይደል የምናወራ?»

እኔ ያንኑ ደጅ የምጠብቅበትን የዘበኛ ኮፍያዬን ከራሴ አውርጄ ከጉልበቴ ሥር ሸጎጥሁት።