የጫማውን ዘፈን አትክፈቱት

የተከበራችሁ ካህናት፣ አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ከቴፒና ከማሻ በዚህ ጭቃ የመጣችሁ ዘፋኞች፣ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። እኔ ሎሚ ነኝ፣ የማሚት ልጅ። ጋሽ አሮን ስቱዲዮ ሁለት ዓመት ዘፍኛለሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ከወረቀት ነው የማነበው። ካልተሰማችሁ ጠጋ በሉልኝ።

ጋሽ አሮንን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ግን የትኛውን? በዘጠኝ ዓመቱ የጫማውን ዘፈን የዘፈነውን ማሙሽን። ከአስከሬኑ ፊት የያዝነው ፎቶ እንኳ የካሴቱ ሽፋን ነው። ሌላ ፈለግን፣ አጣን። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ፎቶውን ያየ ግን የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ የምንቀብር ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ምን ሠራ? ዘፈን ጻፈ። የሌሎችን ድምፅ ቀዳ። ዘንድሮ በየሰርጉ ሙሽራ ያስገባችሁበትን ዜማ ማን ሠራው? አሮን። ቴፒ መናኸሪያ ሾፌሮቹ ጠዋት ጠዋት የሚከፍቱትንስ? አሮን። የዘፈኑት ሰዎች እዚህ ቆመዋል፣ ጠይቋቸው።

ስቱዲዮው አማን ከተማ ነው፤ ከጋሽ ሳዲቅ የቡና መጋዘን ጀርባ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በሙሉ ባዶ ጆንያ ተለጥፎበታል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አፌ አልከፈት አለኝ። ሦስቴ ጀመርኩ፣ ሦስቴ አለቀስኩ። ጋሼ ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ሰጠኝ።

«አንቺም ወደ ጆንያው ዙሪ» አለኝ። «ማይኩ ዓይን የለውም።»

«ጆንያው ቢስቅብኝስ?»

«የሳዲቅ ጆንያ ነው። ሳዲቅ ካልፈቀደለት አይስቅም።»

ዘፈንኩ።

ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ መቅዳት አይቻልም። የአገራችንን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ጋሽ ሳዲቅ በበሩ ብቅ ይሉና «አሮን፣ አላህ ከበሮ ሲመታ አንተ ምን ቤት ነህ? ና ሻይ ጠጣ!» ይሉታል። እንዲህ ስንጠብቅ አንድ ቀን ጠየቅኩት። ዜማ ሲያሳየኝ እንኳ በድምፁ አይደለም፤ ወይ በኪቦርድ ነው፣ ወይ ያፏጫል።

«ጋሼ፣ አንተ ለምን አትዘፍንም?»

ነገረኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የጫማውን ዘፈን ሲዘፍን፣ መሃል ላይ ድምፁ ጎረነነ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሊያዘፍነው ከዚህ የወሰደው ሰውዬ በማግስቱ የሚዛን አውቶቡስ ላይ አሳፈረው። «እስከ ጅማ ድረስ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልዘፈነም። እኛስ ተውነው? የጎረቤታችን የጥሩ ሰርግ ትዝ ይላችኋል? ድንኳኑ ሙሉ ሰው «ማሙሽ! ማሙሽ! ጫማውን!» አልነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እሱ ፈገግ አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ፣ ሹልክ ብሎ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሟል።

«ይወዱኛል እኮ» አለኝ። «ምን ልበላቸው?»



ሕመሙ ሲብስበት ወደ ጅማ ሆስፒታል ውሰዱት ተባለ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡት እጄን ያዘኝ። «ሎሚ፣ አንድ ነገር ከሆንኩ ያንን ዘፈን እንዳይከፍቱት።» «እሺ ጋሼ» አልኩት። ቦንጋ ሳይደርስ ዐረፈ።

ትናንት ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ የጫማው ዘፈን በድምፅ ማጉያ ተከፈተ። የዕድሩ ዳኛ ወደሆኑት ወደ አባባ ኃይለሚካኤል ሄድኩ፤ ነገርኳቸው። «ምን አልሽ ልጄ? አልሰማሁሽም» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። እስኪመሽ ተከፈተ። ዛሬም ከቤቱ እስከዚህ በዚያው ዘፈን ሸኘነው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያስቆሙት ካህናቱ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም።

የድምፅ ማጉያው መኪና ከበሩ ውጭ ቆሟል። ስንመለስ ዘፈኑን ሊከፍቱት ነው። አባባ፣ አሁን ይሰሙኛል? የጠየቀው ይህችን ብቻ ነበር። ስለምትወዱት እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም ያውቅ ነበር። እባካችሁ አትክፈቱት። ዝም ማለት ካቃታችሁ እሱ ጽፎ ሌሎች የዘፈኗቸውን ክፈቱ፤ እነሱም የእሱ ናቸው። እምቢ ካላችሁስ ምን አደርጋለሁ? አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ድምፄም ይህችው ናት።

ጋሼ፣ ነገርኳቸው። መንገር የነበረብኝ ትናንት ነበር፤ ይቅር በለኝ። ከበሩ ውጭ የሚከፈት ነገር አፈር ውስጥ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም። እንዳይሰማህ። ደህና ሁን፣ ጋሼ።