የተለሰነው ስንጥቅ

ጋሽ ውሃልክ በአንድ እጃቸው የኖራ ባልዲ፣ በሌላው ብሩሽ አንጠልጥለው ወደ መናፈሻው በር ሲታጠፉ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰፈሩ ይህን ቅጽል ስም ያወጣላቸው ያለ ነገር አይደለም። ግንበኛ ናቸው፤ እሳቸው ባቆሙት ግድግዳ ላይ ውሃልክ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው ይባልላቸዋል። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ተምራ የተመለሰች፣ በትምህርት ቤት የውሃ ዋና የምታስተምር፣ ምላሷም እንደ ክንዷ የበረታ ወጣት ናት።

«ደህና አደሩ አጎቴ? ከነኖራዎ በጠዋት ወዴት ነው?»

«ደህና አደርሽ ልጄ። ሐሙስ እንግዳ ይመጣል አላላችሁም እንዴ? ቤቱን ሳያሰናዳ እንግዳ የሚቀበል ሰው የት አይተሻል? አንቺስ እዚያ ደረቅ ገንዳ ውስጥ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ስንጥቁን ፎቶ እያነሳሁ። ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።»

ጋሽ ውሃልክ ባልዲውን መሬት ላይ ዘጭ አደረጉት። «ወይ ጉዴ! ገበናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ መዋኛ ገንዳ በጥልቁ በኩል ግድግዳው ተሰንጥቆ ውሃ መያዝ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ገንዳው ሲደርቅ ልጆቹ ሙቀቱን የሚያመልጡበት ቦታ አላጡም፤ ከሰፈሩ ጀርባ ካለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ዝናብ ያጠራቀመው ውሃ አለ፣ መሬቱ የማይታይ፣ ድፍርስ። ባለፈው ወር የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከዚያ ውስጥ ተጎትታ የወጣችው ለጥቂት ነው። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ «ገንዳው ዘንድሮ ካልተጠገነ ተደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል» ብሏል። ግን ደግሞ መናፈሻቸውን ለሚያድሱ ሰፈሮች የሚሰጥ የልማት ድጋፍ አለው። የእህት ልጅ ማመልከቻውን ጻፈች፤ የመናፈሻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆኑት ጋሽ ውሃልክም እያጉረመረሙ ፈረሙ፤ ሐሙስ ከከተማው ሰዎች መጥተው ገንዳውን አይተው ሊወስኑ ነው።

«ስሚ ልጄ» አሉ አሁን፣ በሩን ደገፍ ብለው። «ይህን መናፈሻ ስንሠራ አንቺ ገና አልተወለድሽም። ድንጋዩን ከዚያው ካባ በትከሻችን ነው ያመጣነው። አሸዋ ያቀበለ አለ፣ ችግኝ የተከለ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለን የማንንም እጅ ሳናይ ጨረስነው። ዛሬ እጃችንን ዘርግተን ‹ተሰነጠቀብን፣ እርዱን› እንበል? ይህ እኮ ልመና ነው!»

«ልመና አይደለም አጎቴ። ገንዘቡ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? እርስዎም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ዳቦ ጋጋሪውም ከከፈላችሁት ግብር ነው። የገዛ ራሱን የጠየቀ ሰው ለማኝ ይባላል?»

«የራሴ ከሆነ ታዲያ ጉዴን ካላየን ብለው ምን አስመጣቸው?»

«የሚጠይቀው ሰፈር ብዙ ነዋ! ማን የባሰ እንደተቸገረ በምን ይወቁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ያደግኩት ከእርስዎ አፍ እየሰማሁ ነው።»

«እሱ ለሰው ነው። ግድግዳ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«የእኔ ግድግዳ ነዋ!» ብለው ጮኹ።

እውነቱ አፈትልኮ ወጣ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የሚያዩት ስንጥቅ የድንጋይ ብቻ አልነበረም። ኩራት ደግ ነገር ነው፤ ያለ ኩራት ያ መናፈሻ ባልተሠራ ነበር። ነገር ግን ኩራት ሥራውን ጨርሶ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ በር ዘጊ ይሆናል፤ የጋሽ ውሃልክም ኩራት ያን ጠዋት በሩ ላይ ነበር የቆመው። የእህት ልጅም የትምህርት ቤት ሰዓት ደርሶባት ሄደች።

እሳቸው ግን በያዙት ገፉበት። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈኑ፣ ለሰኑ፣ ኖራ ቀቡ። እንግዳ ፊት መዋረድን የሚወድ የለምና ሰፈሩም ተከተላቸው። አግዳሚ ወንበሮቹ ቀለም ተቀቡ፣ ቅጠሉ ተጠረገ። ሐሙስ ጠዋት ያለው በጎማ፣ የሌለው በባልዲ እያመጣ ገንዳውን ጢም አድርገው ሞሉት። የእህት ልጅ እንግዶቹን ይዛ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ገንዳው እንደ መስታወት ያበራል። ክው ብላ ቀረች።

የመጡት ባለመነጽር ሴትዮና ሜትር የያዘ ባለሙያ ነበሩ። ዞረው ዞረው አዩ።

«እንዴት ያማረ መናፈሻ ነው!» አለች ሴትዮዋ። «ፎቶው ላይ ያየነው ስንጥቅስ?»

«ድሮ ቀረ!» አሉ ጋሽ ውሃልክ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «በገዛ እጃችን!»

«ጎበዞች! ኮራሁባችሁ። እንግዲህ ድጋፉ ለባሰበት ሰፈር ይሁን» አለችና መዝገቧን ዘጋች።

ይግረማችሁና ሰፈሩ አጨበጨበ! ጭብጨባው መሃል ላይ ሲደርስ ነው አንዱ ሌላውን እያየ ቀስ በቀስ የቀዘቀዘው። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ከመጀመሪያውም አላጨበጨበችም፤ የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ካባው በኩል ታያለች።

እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ማዝገም ሲጀምሩ ጋሽ ውሃልክ የእህታቸውን ልጅ ጎተት አደረጓት።

«ምነው ዝም አልሽ? ያ ሁሉ ምላስሽ የት ገባ?»

«ዝም አይነቅዝም ብዬ። በሰው ፊት አጎቴን ውሸታም ላድርግ? የእርስዎን ገበና እኔ አላወጣም።»

«አሁን ልስኑ እንደማይዝ ከተናገርኩ እኮ ጋሽ ውሃልክ የገነባው ፈረሰ ነው የሚባለው። ስሜ ገደል ገባ!»

«ያረጀ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ምን ነውር አለው? ሰውስ ያረጅ የለም? ነውሩ ልጆቻችን ካባ ውስጥ መግባታቸው ነው። እስቲ ይንገሩኝ አጎቴ፣ ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከማችሁት ልጅ እንዲዋኝበት ነው ወይስ ግድግዳው እንዲታይ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው ልብስ ሰፊዋና ልጇ ላይ ነው። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ስታይ ወደ እናቷ ቀሚስ ትሸጎጣለች፤ ያን ጊዜም ተሸጉጣ ነበር።

«እንግዶች!» ብለው ተጣሩ፣ ድምፃቸው መናፈሻውን እስኪሞላው። «አንድ ጊዜ ተመለሱልኝማ!»

ተመለሱ።

«ግድግዳው ላይ ያቺን እርጥብ መስመር ታያላችሁ? ስትመጡ ውሃው እዚያ ነበር። ለካልኝ ልጄ።»

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ለካ። ውሃው አንድ ስንዝር ወርዷል። ጋሽ ውሃልክ መዶሻቸውን ከመሣሪያ ከረጢታቸው አወጡ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ በሆዳቸው ተኙና የለሰኑትን ራሳቸው ይመቱት ጀመር። ልስኑ እየተፈረካከሰ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ሰፈርተኛው «ኧረ!» አለ።

«ይኸው ገበናችን» አሉ ተነስተው፣ ልብሳቸው ኖራ በኖራ ሆኖ። «ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዘመኑን ሙሉ አገልግሎናል፣ አላሳፈረንም። ከሥሩ አፈሩ ሸሽቶበት ነው። ድንጋይ መቆለል እናውቅበታለን፤ የሸሸውን አፈር ማጠንከር ግን እኛ የሌለን መሣሪያ ይፈልጋል። የምንችለውን አንጠይቃችሁም፤ የጠየቅናችሁ የማንችለውን ነው። ጉልበት እንደሆነ በኛ ነው!»

«ከተጠገነ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል?» አለች ባለመነጽሯ።

«ጽዳቱን የሰፈራችን ልጆች በተራ ይሠሩታል» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«በሰፈሩ ዋና የማይችል ልጅ አይኖርም፤ አስተምራለሁ» አለች የእህት ልጅ።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን እንደያዘች ወደ ፊት ወጣች። «ብቻ ልጄን ሳልፈራ የማስገባበት ውሃ ስጡኝ እንጂ፣ ሲነጋም ሲመሽም እጠብቀዋለሁ።»

ሴትዮዋ መዝገቧን መልሳ ከፈተች። «ጉድለቱን ደፍሮ ያሳየ ሰፈር የተሰጠውን አያባክንም። ይህንኑ ነው የምጽፈው» አለች። ቀለሙ ያልደረቀው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበርና ስትነሳ ቀሚሷ ከኋላ አረንጓዴ ሆኗል፤ ይህን ግን ገበናዋ ነውና ማንም አልነገራትም።

ድጋፉ መጣ። ባለመሣሪያዎቹ አፈሩን አጠነከሩ፣ ግንቡን ጋሽ ውሃልክ ከነደቀ መዝሙሮቻቸው አቆሙት፣ ድንጋዩን ሰፈሩ እንደ ዱሮው ተሸከመ። ልብ ላለው ሰው ጥቅሙ በዓይን የሚታይ ነው፦ ሕፃናቱ በንጹሕ ውሃ፣ በአስተማሪ ዓይን ሥር ይዋኛሉ፤ ሥራ ፈት የነበረ ጎረምሳ በጠባቂነት ተቀጠረ፤ ተኳርፈው የነበሩ ጎረቤቶች አንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ወደ ካባው የሚወስደው የእግር መንገድም ሣር ዋጠው። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሽማግሌ ኩራታቸውን ጥለው ሳይሆን ትክክለኛ ቦታውን አስይዘውት ነው።

አንድ ቀን ከማዶ ሰፈር የመጡ እኩያቸው አጥሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣ «ለምናችሁ ነው አሉ ያሠራችሁት?» ብለው ነካ አደረጓቸው።

ጋሽ ውሃልክ ፈገግ አሉ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ያኔ ገንዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አቋርጣ ጠርዙን ስትይዝ፣ ከእናቷ በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ነበሩ። ካጨበጨቡም በኋላ ዞር አሉ።

«ተሰንጥቆብን ነበር፤ ተናገርን፤ ተጠገነ» አሉ። «የእናንተ ልጆች የት ነው የሚዋኙት?»