ሕመሙ የጠፋው ጥርስ

በአዳማ ባቡር ጣቢያ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር ስጠብቅ፣ ሼህ መሐመድዘይን ከልጃቸው ከዙህራ ጋር በግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሼሁ በመስጊድ አዛን የሚያሰሙ፣ ድምፃቸውን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን የላይ ከንፈራቸው አብጦ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። ሸቀጣቸውን ከባቡር ተረክበው ወደ ጥርስ ነቃዩ ወደ ወዬሳ ሊሄዱ ነበር።

ወዲያው ራህመቶ መጣ። ይህ ወጣት አዲስ አበባ የተማረ፣ እዚያው ለአንድ አርመን የጥርስ ሐኪም የሚያስተረጉም ነው። ዘመዶቹን ጠይቆ መመለሱ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሼህ። ምን አገኘዎት?»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ይቺ የፊት ጥርሴ ናት። አምና ከበቅሎ ስወድቅ ተመታችና አላስተኛ አለችኝ። በእምቧይ ፍሬ ታጠንሁ፤ ትሉ ወጣ፤ ሕመሙም ጠፋ። አሁን ሌላ ትል ሳይገባባት አልቀረም።»

«ጥርሷ ጠቁራለች?»

«እንደ ከሰል።»

«እንግዲያውስ ዝም ያለችው ድና ሳይሆን ሞታ ነው።»

ሼሁ ሊስቁ ጀምረው ከንፈራቸው ስለከለከላቸው ተዉት። «የሞተ ነገር ያማል? እናንተ ተማሪዎች መቼም የማታመጡት የለም።»

«በጥርስ ሥር ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ አለ» አለ ራህመቶ፤ «ሕመም የሚሰማው እሱ ነው። ጥርስ ሲመታ ወይም ሲበሰብስ ያ ሥጋ ይሞታል። ያን ጊዜ ሕመሙ ይጠፋል፤ ሰውም ድኛለሁ ብሎ ይቀመጣል። ውስጥ የቀረው ግን ይበሰብስና መግሉ ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። እብጠቱ ከዚያ የመጣ ነው።»

«ትሎቹንስ በዓይኔ አላየሁም? ነጫጭ ሆነው ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ ዙህራም አይታለች።»

«አይቻለሁ» አለች ዙህራ።

«ፍሬው አሁን አለዎት?»

ሼሁ ጥርሷ ከመነቀሏ በፊት ሊታጠኑበት ይዘውት ኖሮ ከኪሳቸው አወጡት። ዙህራ ከሻይ ሻጯ ከቡዜ ፍምና በጣሳ ውሃ ለምና አመጣች። እንደ ልማዱ ውሃው መካከል ድንጋይ አኖሩ፤ በድንጋዩ ላይ ፍም፣ በፍሙ ላይ ቅቤ የተቀባውን ፍሬ አደረጉ። ሼሁ አፋቸውን ሊከፍቱበት ጎንበስ ሲሉ ራህመቶ ያዛቸው።

«ዛሬ ማንም አፉን አይክፈትበት» አለና ጣሳውን በነጠላ ሸፈነው።

ጭሱ ሲያልቅ ነጠላውን ገለጥን። ነጫጮቹ ነገሮች እንደ አምናው በውሃው ላይ ተንሳፍፈው ነበር።

«አባባ» አለች ዙህራ፣ «ይህ ጣሳም ጥርሱን ያመው ኖሯል።»

ሼሁ አንዱን ነጭ ነገር በጣታቸው አንሥተው አዩት። «ከፍሬው ውስጥ ነው የሚወጣው?»

«አዎን፤ ዘሩ በእሳቱ ሲፈነዳ የሚወጣ ቡቃያው ነው።»

ያየ ሰው ሁሉ ያመነበትን ነገር በስድብ ማስጣል አይቻልም፤ ራህመቶ በትሕትና ማሳየቱ ሼሁን እንደ ጠቀማቸው ተመለከትሁ።

«ይሁን፣ ትል የለም» አሉ። «ታዲያ ወዬሳ ይንቀላትና እንገላገል።»

«አዛንዎስ?» አለች ዙህራ። «የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲናገር ያፏጫል።»

ሼሁ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «እሱንማ ሳስበው ነው የሰነበትሁት። ሌላ ሰው ይተካኛል።»

«አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ውስጧን ቢሰረስራት ሳትነቀል ትድን ይሆናል» አለ ራህመቶ።

«የላይ ጥርስ ከዓይን ሥር ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ሲሰረስሯት ዓይኔ ቢጠፋስ?»

«የጥርስ ሥር በራሱ አጥንት ውስጥ ያበቃል፤ ዓይን ዘንድ አይደርስም። ሐኪሙ በመርፌ ያደነዝዝዎትና ከጥርሷ በስተኋላ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። በቀጭን መሣሪያ የሞተውን ጠርጎ ያወጣል፤ ሥሩን በመድኃኒት ያጥባል፤ ሲጠራለት ሞልቶ ይደፍነዋል።»

«አያምም በለኛ።»

«አልዋሽዎትም። መግል ሲኖር መርፌው እንደ ልብ አያደነዝዝም፤ ከሕክምናውም በኋላ ጥቂት ቀን ሲነኩት ይሰማዎታል። ሥሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ መንቀል ግድ ነው፤ ይህን ሐኪሙ አይቶ ይነግርዎታል። በአንድ ምልልስም አያልቅም። ሕመሙ ሲተውዎት ቢቀሩ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።»

«መንቀል ግድ ሊሆን ይችላል ማለትህ ነው ያሳመነኝ» አሉ ሼሁ። «ሁሉን አድናለሁ ብትለኝ ኖሮ ወደ ወዬሳ እሄድ ነበር።»

ባቡሩ ሲደርስ ሼሁ ተነሡ። «ዙህራ፣ ሸቀጡን አንቺ ተረከቢ» አሉና ከራህመቶ ጋር ተሳፈሩ።

ሲመለሱ እብጠታቸው ጎድሎ ነበር። ሥሩም ተሰንጥቆ አልተገኘም። ዳግመኛ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ግን ሼሁ ከሱቃቸው አልነሣ አሉ። «ምንም አያመኝም፤ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

«አምናም አያምዎትም ነበር» አለች ዙህራ።

ሼሁ ጥምጣማቸውን አነሡና ወደ ጣቢያው ሄዱ። ሥሩ እስኪደፈን ድረስም ከቀጠሯቸው አልቀሩም።

እንግዲህ ጥርሱ ታሞ ሕመሙ በራሱ ጊዜ የተወው ሰው ከአላህ ወይም ከእግዚአብሔር ምሕረት ቆጥሮት ቸል አይበል፤ ለሐኪም ያሳይ። ከንፈሩ ወይም ጉንጩ ያበጠ፣ ትኩሳትም የያዘው እንደሆነ አይዘግይ። ሕክምናውን የጀመረ ይጨርስ። በጊዜ የታከመ ጥርስ ምግብ ያኝካል፣ ንግግር ያቀናል፣ አጥንትንም ከመግል ያድናል።

ረመዳን ሲገባ የሼህ መሐመድዘይንን አዛን በገበያው መካከል ሆኜ ሰማሁ፤ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ጥርት ያለ ነበር። ኋላ በሱቃቸው ሳገኛቸው ከንፈራቸውን ገልጠው ጥርሷን አሳዩኝ።

«መልኳ እንደ ጠቆረ ቀረ» አሉኝ፤ «ለሠርግ አልድራት፣ ምን ቸገረኝ።»